የባለሙያ ምላሽ፦ ከኮምቦልቻ ወልዲያ በሳይክል ለመሄድ ምን ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 28 ነው፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከቤት ሥራ ቦታ የምመላለሰው በሳይክል ነው። ጥር ላይ የዓመት ፈቃዴን ስወስድ ከጓደኛዬ ጋር በሳይክል እስከ ወልዲያ፣ ከተቻለም አዲስ አበባ ድረስ ለመጓዝ አስበናል። ባለፈው ለሙከራ ደሴ ስንወጣ ግን ሐረጎ ዳገት ላይ ግማሹን በእግራችን እየገፋን ሄድን። ማታ ጉልበቴን ከፊት በኩል አመመኝ። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኔ መሽተት ጀመረ፤ ትንሽ ቆይቶ የኋላ ጎማዬ ፈነዳ። ጎሚስታው ‹ከፍታው ነው ያፈነዳው› አለኝ። ሌሎች ደግሞ ‹በዚህ የቻይና ሳይክል አይሞከርም፣ ደህና ሳይክል ግዛ› ይሉኛል። የኔ ባለ 21 ማርሽ ነው፤ የጓደኛዬ ዲስክ ፍሬን አለው። ዕቃ የያዝነው በጀርባ ቦርሳ ነው። ሳይክሌን ልቀይር? በቀን 100 ኪሎ ሜትር እንችላለን?»

ምላሽ፦ ሳይክልህን አትቀይር። በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚለውንም ለአሁኑ ተወው። ወልዲያ ትደርሳላችሁ፤ አዲስ አበባ ግን በዚህ ጉዞ አይሆንም። ምክንያቱን አንድ በአንድ ላስረዳህ። ካነሳሃቸው ነገሮች ሁሉ ደግሞ እኔን ያሳሰበኝ የዳገቱ ድካም አይደለም። ያሳሰበኝ ስትመለሱ የሆነው ነው።

መጀመሪያ ማርሹን እንይ። «ባለ 21 ማርሽ» ማለት ፊት ለፊት 3፣ ከኋላ 7 ጥርሳማ ክቦች አሉ ማለት ነው፤ 3 በ7 ሲባዛ 21። ይህ ቁጥር ሳይክሉ ዳገት መውጣት ይችል እንደሆነ ምንም አይነግርህም። የሚነግርህ ሁለት ነገር ነው፦ ከፊት ያለው ትንሹ ክብ ስንት ጥርስ አለው? ከኋላ ያለው ትልቁስ? ዛሬ ማታ ሳይክልህን ገልብጠህ ቁጠር። አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርግና ከሱ ጀምረህ ዙር። በከተማችን በብዛት የሚሸጡት ባለ 21ዎቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው ከፊት 28፣ ከኋላም 28 ነው። እኩል ለእኩል ማለት ነው፤ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማም አንድ ጊዜ ይዞራል።

ይህ ለኮምቦልቻ አስፋልት በቂ ነው። ሐረጎ ላይ ግን የሚሆነው ይህ ነው። ባለ 26 ጎማ በአንድ ዙር 2 ሜትር ከ7 ሳንቲ ያህል ይሄዳል። ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞር በሰዓት ወደ 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ትጓዛለህ ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ጭነት ይዞ ያን ዳገት መውጣት ልምምድ ያለው ሰው ሥራ ነው። አንተ ስለከበደህ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ዝቅ ትላለህ። ያኔ ፔዳሉ በደቂቃ 40 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ማርሹ ከባድ ስለሆነ እያንዳንዱ እርግጫ ይከብዳል፤ የሚከብደው ደግሞ ጉልበትህ ላይ ነው። ስለዚህ ሳይክሉን የገፋኸው ሰነፍ ስለሆንክ ወይም ሳይክሉ ርካሽ ስለሆነ አይደለም። የቀረህ አንድ ቀላል ማርሽ ነው።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የኋላውን የ7 ጥርሳማ ክቦች ስብስብ አስፈትተህ ትልቁ ክብ 34 ጥርስ ባለው ቀይረው። ኮምቦልቻና ደሴ ካጣኸው አዲስ አበባ መርካቶ አስፈልግ። በዚህ ላይ በደቂቃ 60 ጊዜ እያዞርክ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለህ። የፊተኛውንም ባለ 22 ወይም ባለ 24 ማድረግ ከቻልክ ይበልጥ ይቀልሃል፤ የግድ ግን አይደለም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ትልቁ ክብ ሲለወጥ የድሮው ካቴና ያጥራል። መካኒኩ አዲስ ካቴና ይግጠምልህ። ከዚያ ከፊትም ከኋላም ትልቁ ክብ ላይ አድርጎ ፔዳሉን በእጁ ያዙር። ካቴናው ተወጥሮ ማርሽ መቀየሪያውን ወደ ፊት የሚጎትተው ከሆነ አጭር ነው፤ መንገድ ላይ ይሰብርብሃል።

ጉልበትህን ያመመህ ከፊት በኩል ነው ብለሃል። ይህ ጥሩ ፍንጭ ነው። የፊት ለፊት ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመጣው መቀመጫው ዝቅ ሲል ወይም ማርሹ ሲከብድ ነው። ካንተ ሁለቱም ሳይኖሩ አይቀሩም፤ ከተማ ውስጥ እግር መሬት እንዲደርስ ብሎ መቀመጫ ዝቅ የማያደርግ የለም። ግድግዳ ተደግፈህ ሳይክሉ ላይ ተቀመጥ። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ ወደ ታች አውርደው። እግርህ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በትክክለኛው አረጋገጥ፣ ማለትም በእግርህ የፊተኛው ክፍል ስትረግጥ፣ ጉልበትህ በትንሹ ይታጠፋል። ልኩ ይህ ነው። መቀመጫውን በአንድ ቀን ብዙ አትስቀለው፤ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ሕመሙ ወደ ጉልበትህ ጀርባ ይዞራል። ቁመቱንና ማርሹን አስተካክለህ ሁለት ሳምንት በቀላሉ ከነዳህ በኋላም ካመመህ፣ ወይም ጉልበትህ ካበጠ፣ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፈህ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። «ከፍታው ነው ያፈነዳው» የተባልከው ልክ አይደለም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ገደማ። በዚህ ልዩነት ጎማህ ላይ የሚጨመረው ጫና አንድ ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ መለኪያ) እንኳ አይሞላም። ደግሞም የፈነዳብህ ስትወጣ ሳይሆን ስትወርድ ነው፤ ስትወርድ የከፍታው ጫና ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ፍሬንህ ቀድሞ ነግሮሃል። ሽታው የትኩሳት ሽታ ነው።

አንተ፣ ሳይክሉና ዕቃው አንድ ላይ 100 ኪሎ ትሆናላችሁ እንበል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ስትወርዱ የሚወጣው ጉልበት ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጥዶ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ከዚህ የተወሰነውን ነፋስ ይወስደዋል። የቀረው ሁሉ የሚገባው በሁለት ቀጭን የፍሬን ላስቲኮችና በቸርኬው ጠርዝ ላይ ነው። ፈርተህ ከላይ እስከ ታች ፍሬኑን ሳትለቅ ከያዝክ ቸርኬው የሚበርድበት ጊዜ አያገኝም። ላስቲኩ ይለሰልሳል፣ መያዝ ያቅተዋል። አንተም ይበልጥ ትጨብጣለህ። በመጨረሻ ትኩሳቱ ወደ ከመነዳሪው ያልፍና ያፈነዳዋል። በተለይ ጎሚስታው በትልቁ ኮምፕሬሰር ከልክ በላይ ሞልቶት ከሆነ።

ነገር ግን እርግጠኛ ለመሆን የፈነዳውን ጎማ ካልጣልከው አውጣና ጎኑን እየው። ጎኑ ላይ በዙሪያው የተፋቀ መስመር ካለ፣ ክሩም ብቅ ብሎ ከታየ፣ ጥፋቱ የትኩሳት ብቻ አይደለም። የፍሬን ላስቲኩ ከፍ ብሎ ተገጥሞ ቸርኬውን ትቶ ጎማውን ሲበላ ነበር ማለት ነው። ይህን በካቻቪቴና በቁልፍ በ10 ደቂቃ ታስተካክለዋለህ፤ ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ላይ ማረፍ፣ ከላይኛው ጠርዝ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። እግረ መንገድህን የቸርኬውን ጎን በጥፍርህ ዳስሰው። መሐሉ ጎድጎድ ካለ በፍሬን ተበልቷል። እንዲህ ያለ ቸርኬ ቁልቁለት ላይ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ሳትለውጠው ከከተማ አትውጣ። ማግኔትም አስጠጋው፤ ከያዘ ቸርኬው ብረት ነው። የብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ፍሬን አይይዝም ብትል ይሻላል። በአልሙኒየም ቀይረው። አዲስ ሳይክል ለመግዛት ካሰብከው ገንዘብ ላይ ቆንጥረህ የምታወጣው ለዚህ ይሁን።

አወራረዱም ይማራል። ኩርባ ከመድረስህ በፊት፣ ቀጥታው ላይ እያለህ፣ በሁለቱም ፍሬን ጠበቅ አድርገህ ፍጥነትህን አውርድ። ከዚያ ልቀቅ። ኩርባውን በዝግታ እለፍ። እንደገና ፍጥነት ሲጨምር እንደገና ጠበቅ፣ እንደገና ልቀቅ። የምትለቅባቸው ሰከንዶች ቸርኬው ነፋስ የሚያገኝባቸው ናቸው። የኋላውን ብቻ መያዝ ብዙዎች የሚሠሩት ስህተት ነው፤ ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ በደንብ የሚያቆምህ የፊተኛው ነው። እሱን ቀስ አድርገህ፣ ሰውነትህን ወደ ኋላ ገፋ አድርገህ ያዝ። በየ10 ደቂቃው ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገህ ቁም። ቸርኬውን በጣትህ አትንካ፤ ከኮዳህ ጠብታ ውሃ አድርግበት። ጠብታው ቿ ካለ ወይም ከተነነ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ተቀመጥ።

የጓደኛህ ዲስክ ፍሬን በዚህ በኩል ይሻላል፤ ትኩሳቱ ከጎማው ይርቃል። ግን «ዲስክ ስለሆነ ችግር የለውም» አትበሉ። ርካሾቹ በገመድ የሚሠሩ ናቸው። ሸራቸው በአንድ ረጅም ቁልቁለት ሊያልቅ ወይም ሊቃጠል ይችላል፤ ገመዱም ይላላል። ጓደኛህ ከመነሳቱ በፊት ሸራውን አውጥቶ ይየው፤ መለዋወጫም ይያዝ። ዲስኩን ዘይትም ግራሶም እንዳይነካው። ካቴና ሲቀባ የሚረጨው ጠብታ እንኳ ፍሬኑን ያጠፋዋል።

የጀርባ ቦርሳውን ቤት አስቀምጡት። ጀርባ ላይ ያለ ጭነት ወገብና መቀመጫን ይጎዳል፣ ያልባል፣ ኩርባ ላይም ያንገዳግዳል። ከኋላ ጎማ በላይ የሚገጠም ጠንካራ የዕቃ መጫኛ አስገጥሙ። በአንድ ቡሎን ወደ መቀመጫው ቱቦ የሚታሰረው ዓይነት አይሆንም፤ ከታች በሁለቱም በኩል በአክሱ አጠገብ የሚታሰር ይሁን። ዕቃውን በሁለት ትናንሽ ቦርሳዎች ከፍላችሁ በቀኝና በግራ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ለማሰሪያ ከአሮጌ ከመነዳሪ ተቆርጦ የወጣ ላስቲክ የሚበልጠው የለም። ክብደቱ ለአንድ ሰው ከ10 ኪሎ ባያልፍ ደስ ይለኛል። ድንኳን አያስፈልጋችሁም፤ በየ30 ኪሎ ሜትሩ ከተማ አለ።

ጭነት ሲኖር የሚሰበረው የኋላው ጎማ ሽቦ ነው፤ ያውም በካቴናው በኩል ያለው። እሱን ለመቀየር ጥርሳማውን ክብ መፍታት ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ የራሱ መፍቻ አለው። የመንደር ጎሚስታ ዘንድ ይህን መፍቻ ስለማታገኙ ይዛችሁ ሂዱ፤ ትንሽ ብረት ናት። ከሷ ጋር ልካቸው የሆኑ አራት አምስት ሽቦዎች፣ የሽቦ ማጥበቂያ፣ የካቴና መፍቻ፣ ሁለት ከመነዳሪ፣ ፓችና ማስቲሽ፣ የእጅ መንፊያ፣ የፍሬን ላስቲክና አንድ ገመድ፣ ፒንሳና ካቻቪቴ ያዙ። ከመነዳሪዎቹ ቫልቫቸው እንደ መኪና ዓይነት ይሁን፤ ያኔ በየከተማው ያለ ጎሚስታ ይሞላላችኋል። ሲሞላ ግን አጠገቡ ቁሙ። የሳይክል ጎማ ትንሽ ስለሆነ የመኪና ኮምፕሬሰር በሰከንዶች ውስጥ ያሳልፈዋል። ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ለናንተ ዓይነት ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ ነው። ጎማችሁ ጥርሱ ያበጠ የጭቃ ጎማ ከሆነ ለስለስ ባለ የአስፋልት ጎማ ለውጡት። ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ታዩታላችሁ።

በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚለውን ተወው ለምን አልኩ? በእኛ አገር የሳይክል ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲወረድ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም፤ ሲወጣ ጭነት ይዞ ግማሽ ቀን ነው። እንደናንተ ላሉ ጀማሪዎች ተራራማ መንገድ ላይ ዕረፍቱን ጨምሮ በሰዓት 8 ወይም 10 ኪሎ ሜትር አስቡ። ጥር ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ተነስታችሁ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ማረፊያ መግባት አለባችሁ። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ፣ ድካሙና የመኪናው ብዛት አንድ ላይ ይመጣሉ። ማታ አትንዱ። መብራት ቢኖራችሁም አትንዱ፤ መንገድ ላይ የተኛ ከብትና ጉድጓድ በሳይክል መብራት አይታይም።

መንገዱን እንዲህ አድርጉት። በመጀመሪያው ቀን ኮምቦልቻ ደሴ ብቻ። ሐረጎን ማልዳችሁ ውጡ፤ ደሴ ገብታችሁ እረፉ። ጉም ከወረደ ኮምቦልቻ ቆዩ፤ ሐረጎ ላይ በጉም ውስጥ ሳይክል አይታይም። በሁለተኛው ቀን ደሴ ሐይቅ፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማው ከደሴ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ስለሚል ቀኑ የፍሬን ቀን ነው። የተማራችሁትን የምትሠሩበት እዚህ ነው። በጊዜ ስለምትደርሱ ከሰዓቱን ሐይቁ ዳር አሳልፉት። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ልሳነ ምድሩ ላይ ነው፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት ቦታ። ሴቶች አይገቡበትም፤ እናንተ ግን ሳታዩት ብታልፉ ይቆጨኛል።

በሦስተኛው ቀን በሱሉላ አድርጋችሁ ውጫሌ። ርቀቱ እንደ ትናንቱ ነው፤ ግን ዳገቱና ቁልቁለቱ ይፈራረቃል፣ እግር ይበላል። ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የአጼ ምኒልክና የጣሊያን ውል የተፈረመበት ቦታ ነው፤ እዚያ ማደር ለኔ ትልቅ ነገር ነው። በአራተኛው ቀን በውርጌሳ በኩል ወደ መርሳ ትወርዳላችሁ። ከዚህ ጀምሮ ሙቀት አለ። አምስተኛው ቀን ከመርሳ በሲሪንቃ ወልዲያ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሽቅብ ናቸው። ጉልበት ካላችሁ የሦስተኛውንና የአራተኛውን ቀን አንድ ማድረግ ትችላላችሁ። እኔ ግን አልመክርም፤ ፈቃድ ይዛችኋል፣ ማን ያሯሩጣችኋል? ጥምቀት፣ ጥር 11፣ በዚህ መሐል ከወደቀ ደግሞ መንገዱ በታቦትና በሕዝብ ይሞላል፤ አልጋም ይጠፋል። ያን ቀን አንድ ከተማ ቁጭ ብላችሁ አክብሩ።

አዲስ አበባን ለምን ከለከልኩ? ከኮምቦልቻ በሐርቡና በከሚሴ ሸዋሮቢት ድረስ መንገዱ በጥቅሉ ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ ያማልላል። ሸዋሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ተነስታችሁ በደብረ ሲና ጣርማበር ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። ሐረጎን ከሁለት ጊዜ በላይ ደራርባችሁ በአንድ ትንፋሽ እንደመውጣት ነው። ከላይ ደግሞ በጣሊያን ጊዜ የተፈለፈለው ዋሻ ይጠብቃችኋል፤ ጨለማ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ከባድ መኪና ያልፍበታል። ዋሻውን በሳይክል አትለፉት፤ ሳይክላችሁን መኪና ላይ ጭናችሁ ተሻገሩ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ወልዲያን ጨርሳችሁ፣ አንድ ዓመት ከነዳችሁ በኋላ ነው።

ምግቡን በአጭሩ። ረጅም መንገድ ላይ ሰው የሚወድቀው ጉልበቱ አልቆ ሳይሆን ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር አልቆ ነው። ምልክቱ ድንገተኛ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ብስጭት ነው። እስኪርባችሁ አትጠብቁ፤ በየሰዓቱ የሆነ ነገር ቅመሱ። በሶ ጭብጦ፣ ሙዝ፣ ቴምር፣ ስኳር የበዛበት ሻይ። ውሃ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ያስፈልጋል፤ ከመርሳ ወዲያ ደግሞ ይጨምራል። በውሃ ብቻ አትሙሉት። አንድ ሊትር ላይ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ብታደርጉበት በላብ የወጣው ይመለሳል። በጾም ቀን ግን አትንዱ፤ ጾሙ የዓርብም ይሁን የሱና። ውሃ ሳይጠጡ በዚህ መንገድ መንዳት በጤና ላይ መጫወት ነው። ያን ቀን የዕረፍት ቀን አድርጉት። ቆላው ላይ ወባ ስላለ አጎበር በሌለበት አትደሩ።

ስለ መኪናዎቹ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ሐረጎ ላይ ልጆች የሲኖትራክ ጀርባ ይዘው ሲወጡ አይታችኋል። እናንተ እንዳትሞክሩት። መኪናው ማርሽ ሲቀይር ይነጥራል፤ ጉድጓድ ሲመጣ አታዩትም፤ ከወደቃችሁ ከኋላ የሚመጣው አያቆምም። ተሳቢ ደግሞ ኩርባ ላይ ሲዞር የኋላ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ያጥሩና ዳሩን ይጠርጋሉ። ኩርባ ላይ ተሳቢ ከመጣባችሁ ከአስፋልቱ ውረዱና ይለፍ። ሁለታችሁም ከርቀት የሚታይ ደማቅ ልብስ ልበሱ፤ ጎን ለጎን አትንዱ። የራስ ቁር አድርጉ፤ የሞተር ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

ከከተማ ወጣ ስትሉ ከብትና ልጆች ይበዛሉ። ከብት መሐል ስትገቡ ቀስ በሉ፤ ደወል አትደውሉ፣ ይደነብራሉ። እረኛውን ቀድማችሁ ሰላም በሉት፤ መንገዱን ራሱ ይከፍትላችኋል። ልጆች ተከትለው ሲሮጡ ከማምለጥ ይልቅ ዝግ ብሎ ማውራት ይቀላል። ወሎ ውስጥ ሰላምታ ላቀረበ ሰው ውሃ የሚከለክል ቤት አላውቅም። ውሻ ካባረራችሁ ውረዱና ሳይክሉን በናንተና በሱ መሐል አድርጋችሁ በእግር እለፉ። ከነከሰ ግን ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለነገ አይባልም።

ፀጥታውንም ሳታጣሩ አትነሱ። የየቀኑን ሁኔታ የሚያውቁት ሹፌሮች ናቸው። በየጠዋቱ መናኸሪያ ሄዳችሁ ቀጣዩ ከተማ ድረስ መኪና እየሄደ እንደሆነ ጠይቁ። ሹፌሮች ካልወጡ እናንተም አትውጡ። መታወቂያ ያዙ፤ የት እንደምታድሩ በየማታው ቤት ደውሉ።

እስከ ጥር ጊዜ ካላችሁ ልምምዱን በሐረጎ አትጀምሩት። በሳምንት ሦስት ቀን ኮምቦልቻ ሐርቡ ሂዱና ተመለሱ፤ ስትመለሱ ያለው ቀላል ሽቅብ እግርን ሳይጎዳ ያጠነክራል። በሦስተኛው ሳምንት ሐረጎን ያለ ጭነት ውጡ፣ በአራተኛው ከነጭነቱ። ሁለተኛውን ጊዜ ከሳይክሉ ሳትወርዱ፣ ጉልበታችሁን ሳያማችሁ ከወጣችሁና ስትመለሱ ፍሬኑ ካልሸተተ፣ ዝግጁ ናችሁ። ከሦስቱ አንዱ ካልተሟላ ሌላ ሁለት ሳምንት ጨምሩ።

ከወልዲያ ስትመለሱ በመኪና ኑ። ሳይክሉ ፖርቶመጋላ ላይ ሲጫን ማርሽ መቀየሪያው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ ፔዳሎቹን ፍቱ፣ የፊት ጎማውን አውልቃችሁ ከጎኑ እሰሩት። ግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒ አዙሪት ነው፤ እንደ ሌላው ቡሎን ከታገላችሁት ጥርሱን ታበላሹታላችሁ። ረዳቱ ቸኩሎ ሲወረውረው ዝም አትበሉ፤ ራሳችሁ ወጥታችሁ እሰሩ። ኮምቦልቻ ስትደርሱ የኋላውን ቸርኬ አሽከርክሩና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣታችሁ ንኩ። የላላ ካለ ሥራ ቦታ ከመመለሳችሁ በፊት አስጠብቁት።